ያልነካነው ቅንብር የማን ውሳኔ ነው?

ዛሬ የምናገረው ብፌ ላይ ተቀምጦ መብራቱን ብልጭ ድርግም ስለሚያደርግ ትንሽ ዕቃ ነው። ስሙ ራውተር ነው፤ ብዙዎቻችን ግን በአጭሩ ዋይፋይ እንለዋለን። ባለሙያው አምጥቶ ይሰካዋል፤ ከጀርባው የተለጠፈውን ስምና ፓስወርድ ስልካችን ላይ ያስገባልናል፤ ከዚያ ቀን ወዲያ፣ ምናልባት ከዋይፋዩ ፓስወርድ በቀር፣ ማንም ምንም አይነካበትም። ኔትወርክ ሲቆም ነቅለን እንሰካዋለን፤ ከዚያ ያለፈውን የባለሙያ ነው ብለን እንተወዋለን። የማቀርበው ሐሳብ ይህን ልማድ የሚቃወም ነው። በዚያ ዕቃ ውስጥ ሳይወሰን የቀረ ነገር የለም፤ እኛ ያልወሰንነውን ሁሉ ሌላ ሰው ወስኖልናል። ያ ሰው ደግሞ ቤታችንን አያውቀውም፤ ክረምታችንን አያውቀውም፤ ግቢያችን ውስጥ ስንት ተከራይ እንዳለም አያውቅም። ስለዚህ የራውተርን ቅንብር ማወቅ ቤት ከማስተዳደር ሥራ አንዱ ነው እላለሁ። ይህን በማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ፤ ከእናንተ ሊነሱ የሚችሉትን ተቃውሞዎችም አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ነገሩን ሁላችንም ከምናውቀው ከመብራት ልጀምር። እዚሁ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን ጉባ ላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ኃይል ከየትም ይመንጭ፣ ስንት ወንዝና ተራራ ያቋርጥ፣ ቤታችን ሲደርስ አንድ ወሰን ያገኛል፤ ቆጣሪውን። እስከ ቆጣሪው ያለው የመብራት ኃይል ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። ፊውዝ ሲወርድ ማን እንደሚያነሳው፣ የእንጀራ ምጣድና ምድጃ በአንድ ዲቫይደር እንደማይሰኩ፣ እርጥብ እጅ ሶኬት እንደማይነካ የተማርነው ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆነን አይደለም። ቤት ስለምናስተዳድር ነው። በኢንተርኔት በኩል ግን ይህ ወሰን ገና በአእምሯችን አልተሰመረም። መስመሩን የዘረጋው ድርጅት እስከ ራውተሩ ድረስ ያለውን ይመራል፤ ከራውተሩ ወዲህ ያሉትን ጥቂት ሜትሮች ግን ማንም እየመራቸው አይደለም። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በአሶሳ የሚኖር ሰው በረጅሙ መስመር ላይ ሥልጣን የለውም። በእነዚህ ጥቂት ሜትሮች ላይ ግን ሙሉ ሥልጣን አለው፤ የማይጠቀምበትም ይህንኑ ነው።

ራውተር ሦስት ሥራ ደርቦ የያዘ ዕቃ ነው። አንደኛ፣ ከውጭ የመጣውን መስመር ይቀበላል፤ መስመሩ የስልክ ሽቦ፣ ፋይበር ወይም ሲም ካርድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ላሉት ስልኮች፣ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥኖች ለእያንዳንዳቸው የውስጥ አድራሻ ያድላል፤ ለውጭው ዓለም ግን ሁሉም በአንድ ደንበኛ መስመር ይወጣሉ። ሦስተኛ፣ አገልግሎቱን በሬዲዮ ሞገድ ቤቱ ውስጥ ያሰራጫል። ሦስቱም ሥራዎች የሚታዘዙት ከአንድ ገጽ ነው። በስልካችን ብሮውዘር ላይ በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የሚለውን፣ ስንጽፍ ገጹ ይከፈታል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይከፈታል፤ ምክንያቱም ገጹ ያለው እዚያው ራውተሩ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ፓስወርዶች መኖራቸውን ልብ በሉልኝ። አንዱ በዋይፋዩ ለመጠቀም ለቤተሰብና ለእንግዳ የሚሰጠው ነው፤ ሌላው ወደዚህ የቅንብር ገጽ የሚያስገባው ነው። የመጀመሪያው ያለው ሰው ይጠቀማል፤ ሁለተኛው ያለው ሰው ይገዛል። ብዙ ቤት የመጀመሪያው ተቀይሮ ይገኛል፤ ሁለተኛው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

እንግዲህ ፋብሪካው የወሰነው ምንድን ነው? በአገራችን በብዛት የምናያቸውን ራውተሮች የሚሠሩት ሁዋዌና ዜድቲኢ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ቻይና ውስጥ ሼንዘን ከተማ ነው። አንድ ሞዴል በሚሊዮን ቁጥር ተመርቶ ለብዙ አገር ይላካል። አምራቹ ለሁሉም የሚሆን አንድ መነሻ ቅንብር ማስቀመጥ ስላለበት የሚመርጠው ዕቃው ከካርቶኑ እንደወጣ ያለ ክርክር የሚሠራበትን ነው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ የንግድ ሥራ ጠባይ ነው። ግን ቶሎ የሚሠራ ቅንብር ሁሉ ለእኛ የሚስማማ ቅንብር አይደለም። ለማንም እንዲሆን የተሰፋ ልብስ የማንም ልክ እንደማይሆን ሁሉ፣ ለማንም እንዲሆን የተዋቀረ ራውተርም የአሶሳን ቤት ልክ አያውቅም። ይህ የሚታይባቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ፤ አንዱ የሞገዱ፣ ሌላው የቁልፉ ነው።

ከሞገዱ እንጀምር። ዋይፋይ በዋናነት በሁለት የሞገድ ክልሎች ይሠራል፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋ ኸርዝ። የመጀመሪያው ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳ አልፎ ራቅ ብሎ ይደርሳል። ሁለተኛው ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል። ቆርቆሮ ለሁለቱም እንደ መስተዋት ነው፤ ይመልሳቸዋል። ውኃ ደግሞ ይውጣቸዋል። አሁን ይህን ወደ ግቢያችን እናምጣው። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ በበጋ ደርቆ ሞገዱን ደህና ያሳልፋል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘልቀው የአሶሳ ዝናብ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይኸው ግድግዳ ብዙውን ያስቀረዋል። ማድ ቤቱ ዙሪያውን በቆርቆሮ ከተመታ ውስጡ ያለ ስልክ ሞገዱ አይደርሰውም ማለት ይቻላል። ሮቶ ሙሉ ውኃ በራውተሩና በሰርቪስ ቤቱ መካከል ካለ ጥላውን ይጥላል። እኛ ደግሞ ይህ ሁሉ ሳይበቃ ራውተሩን ቴሌቪዥን ጀርባ፣ ብፌው ውስጥ፣ የዲሽ ሪሲቨርና ሽቦ በተከማቸበት ጥግ እንሸጉጠዋለን። ከዚያ ክረምት ሲገባ ኔትወርክ ደከመ እንላለን። ከሚደክመው ውስጥ ከፊሉ ውጭ መስመር ላይ ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ ግን እኛው ቤት ውስጥ ያስቀረነው ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ራውተሩን ከብፌው አውጥቶ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ ቦታ፣ በቤቱ መካከል፣ ከፍሪጅና ከብረት ቁም ሳጥን አርቆ መስቀል ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። አንቴናዎቹ ወደ ላይ ሲቆሙ ሞገዱን ወደ ጎን ስለሚረጩ፣ ፎቅ ለሌለው ቤት ቀጥ ብለው መቆማቸው ይጠቅማል። ሳሎን ላለ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ የ5ቱን፣ ራቅ ላለ ክፍል የ2.4ቱን መጠቀም ነው። በ2.4 ላይ ቻናል የሚባሉ መተላለፊያዎች አሉ፤ እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ በ6 ላይ ተሰልፈው ከሆነ ወደ 1 ወይም ወደ 11 መዞር እፎይታ ይሰጣል። ዋይፋይ እንደ ሽንጎ መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ከሩቅ ክፍል ሆኖ ቀስ እያለ የሚናገር አንድ አሮጌ ስልክ የሁሉንም ጊዜ ይወስዳል። ግቢው ሰፊ ሆኖ ሰርቪስ ቤት ድረስ ማዳረስ ካስፈለገ፣ ሞገዱን በሞገድ የሚያቀባብለው ማጠናከሪያ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ሊቀንሰው እንደሚችል እንወቅ። ኔትወርክ ኬብል ዘርግቶ መጨረሻው ላይ ሁለተኛ ራውተር መትከል የተሻለ ነው፤ የሁለተኛው ራውተር አድራሻ የማደል ሥራ ግን መዘጋት አለበት፤ አለዚያ አንድ ቤት ሁለት አዛዥ ይኖረዋል። እነዚህ ሁሉ የቅንብር ውሳኔዎች ናቸው፤ ከሼንዘን ሆኖ ሊወስናቸው የሚችል ሰው የለም።

ወደ ቁልፉ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የዋይፋይን ግንኙነት በምስጢር ለመጠበቅ መጀመሪያ የወጣው ዌፕ የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 መሠረቱ የተሰበረ መሆኑ በጥናት ታይቷል። በ2004 የመጣው ደብሊውፒኤ 2 ዛሬም አብዛኛውን ቤት ይጠብቃል፤ በ2018 ደግሞ ተተኪው ደብሊውፒኤ 3 ወጥቷል። ሆኖም ደብሊውፒኤ 2 የሚጠብቀው ፓስወርዱ የጠነከረውን ያህል ብቻ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚመርጠው ፓስወርድ የራሱ ስልክ ቁጥር ነው፤ አሥር አሃዝ ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል። እስቲ እናስላው። 09 የሚለው መጀመሪያ የታወቀ ስለሆነ የሚገመቱት ስምንት አሃዞች ብቻ ናቸው፤ ይህ 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። አጥቂው በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ መሞከር አያስፈልገውም፤ አንድ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ሰላምታ ቀድቶ ይዞ ሄዶ ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ይገምታል። በሰከንድ 100 ሺህ ግምት ለሚሞክር ኮምፒውተር 100 ሚሊዮኑ 1,000 ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህም 17 ደቂቃ ገደማ ነው። በ07 የሚጀምሩትን ቢጨምር እጥፍ ይሆንበታል እንጂ አይቸግረውም።

በአንጻሩ፣ ግንኙነት የሌላቸው አራት የአማርኛ ወይም የበርታ ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዘን ብንጽፍስ? ቃላቱ ከ2,000 የተለመዱ ቃላት መካከል በዕጣ ቢወጡ አማራጮቹ 16 ትሪሊዮን ይሆናሉ፤ ያው ኮምፒውተር ሁሉንም ለመጨረስ ከ5 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አምስተኛ ቃል ከተጨመረ ደግሞ ከ10 ሺህ ዓመት ያልፋል። ዋናው ቁም ነገር ቃላቱ በዕጣ መውጣታቸው ነው፤ ተረትና ምሳሌ ወይም የታወቀ የዘፈን ግጥም ከሆኑ ገማቹ አስቀድሞ መዝግቧቸው ይሆናል። ዕጣ የወጣባቸው ቃላት ለማስታወስ ቀላል ናቸው፤ ለእንግዳ በቃል ለመንገርም ይመቻሉ፤ ለመስበር ግን ከባድ ናቸው። ከስልክ ቁጥር ወደ አራት ቃል መሸጋገር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያስገኘው ልዩነት ግን ከ17 ደቂቃ ወደ ዓመታት ነው።

ጠንካራ ፓስወርድ ግን ጎን ላይ ሌላ በር ክፍት ከሆነ ከንቱ ነው። ብዙ ራውተር ላይ ደብሊውፒኤስ የሚባል አዝራርና ስምንት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ የተሠራው ፓስወርድ መጻፍ ለሚከብደው ሰው ነገሩን ለማቅለል ነው። ስምንት አሃዝ ሲባል ሰፊ ይመስላል። ስቴፋን ፊቦክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ያሳየው ግን ራውተሩ ቁጥሩን በሁለት ከፍሎ እንደሚመረምርና የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለጠያቂው እንደሚያሳውቅ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ 10,000 አማራጭ አለው። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ስለሆነ፣ 1,000 ብቻ ነው። በጠቅላላው 11,000 ሙከራ በቂ ሆነ ማለት ነው፤ ይህም የሰዓታት ሥራ ነው። ከዚህ መከላከያው የቅንብር ገጹ ላይ የደብሊውፒኤስን ምልክት ማጥፋት ነው። በተቃራኒው ብዙዎች የሚተማመኑባቸው ሁለት ዘዴዎች፣ የዋይፋዩን ስም መደበቅና የስልኮችን መለያ ቁጥር መመዝገብ፣ እምብዛም አይጠብቁም። የተደበቀው ስም ስልክ በተገናኘ ቁጥር በአየር ላይ ይሰማል፤ የተመዘገበው መለያም ይገለበጣል። ጉልበታችንን ከንቱ ቦታ እንዳናፈሰው ይህንንም ማወቅ ያሻል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፓስወርድ፣ ወደ ገዢው፣ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ የደኅንነት ካሜራዎችን፣ የቪዲዮ መቅጃዎችንና ራውተሮችን ወረረ። የተጠቀመበት ጥበብ ረቂቅ አልነበረም፤ ከፋብሪካ የወጡ 60 ያህል የስምና የፓስወርድ ጥንዶችን ይዞ ያልተቀየረውን በር ሁሉ ይሞክር ነበር። በጥቅምት 2016 እነዚህ ዕቃዎች በአንድ ላይ ዳይን በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ላይ ተሰልፈው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ብዙ ገጾችን ለሰዓታት አደናቀፉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ የዚሁ ፕሮግራም ዝርያ ከርቀት ለማስተዳደር ክፍት የተተወውን በር እየመታ ጀርመን ውስጥ 900 ሺህ ያህል የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞችን አገልግሎት አወከ። በ2018 ቪፒኤን ፊልተር የተባለው ሌላ ፕሮግራም በ54 አገሮች ቢያንስ 500 ሺህ ዕቃዎችን እንደያዘ ተገለጠ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንል በጎውን እያሰብን ነው፤ እዚህ ግን ያበረው ድር ባለቤቶቹ ያላወቁት፣ በስንፍና የተፈተለ ድር ነው። ከዚህ የተነሳ ብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ ፓስወርድ ያለው ዕቃ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። ሕግ አውጪ ምክር ቤት የተቀመጠበትን ጉዳይ ተራ ነገር ማለት አይቻልም።

እኛም ሕግ አለን። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላውን ሥርዓት መድረስን ወንጀል አድርጓል፤ አገልግሎት ሰጪዎችም የትራፊክ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ይህን ቀደም ብለን ካየነው ጋር እናገናኘው። ቤት ውስጥ ያሉት ስልኮች ሁሉ ለውጭ የሚታዩት በአንድ ደንበኛ መስመር ነው። አንድ የማናውቀው ሰው ግቢያችን አጥር ሥር ተቀምጦ በእኛ ዋይፋይ ሰው ቢያጭበረብር ወይም ቢያስፈራራ፣ ዱካው የሚመራው ወደ ተመዘገበው ደንበኛ ነው። ንጹሕ ሰው ንጹሕነቱን ማስረዳት ይችላል፤ ግን ማን መቼ እንደተገናኘ የማያውቅ ባለቤት ምን ይዞ ያስረዳል? የቅንብር ገጹ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ያሳያል። በወር አንድ ቀን ያንን ዝርዝር ማየት፣ የማናውቀው ስም ካለ ፓስወርዱን መቀየር፣ አጥርን ዞሮ ከማየት የተለየ ሥራ አይደለም።

እስካሁን ላልኩት የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ እኛ የሚሰረቅ ምን አለን የሚል ነው። ይህ ትሕትና ቢመስልም ስሌቱ የተሳሳተ ነው። ሚራይ የማንንም ምስጢር አልፈለገም፤ የፈለገው መስመሩን ነው። መስመር ደግሞ እኛ ዘንድ ውድ ነው። የቤት ኢንተርኔት የሚሸጠው በፍጥነት ልክ ስለሆነ፣ ያልተጋበዘ ሰው ቪዲዮ ባወረደ ቁጥር የሚቀነሰው ከልጆቻችን የትምህርት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያዎች በዚያው ስልክ፣ በዚያው ዋይፋይ ይሠራሉ። መተግበሪያዎቹ የራሳቸው ጥበቃ አላቸው፤ ሆኖም የቅንብር ገጹን የያዘ ሰው የገጾችን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤስ ለውጦ ተጠቃሚውን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራው ይችላል። ምንም የለኝም የሚል ሰው ቤቱን ክፍት አድርጎ አይተኛም፤ እዚህም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው፤ ከባህላችን የሚነሳ ነውና። ቡና ሲፈላ ጎረቤት በሚጠራበት አገር፣ ማንጎ ሲደርስ ለደጅ አዳሪ ሳይቀር በሚታደልበት ከተማ፣ ዋይፋይን መቆለፍ ንፍገት አይሆንም ወይ? ጥያቄው በቁም ነገር መመለስ አለበት። ማካፈል በጎ የሚሆነው ሰጪው የሰጠውን ሲያውቅ ነው። ቡና ስንጠራ ጎረቤቱን በስሙ እንጠራዋለን፤ ሳሎን እናስገባዋለን፤ የእናታችንን ሳጥን ግን ከፍተን አንሰጠውም። ራውተሩም ይህንኑ ይፈቅዳል። ብዙ ሞዴሎች ለእንግዳ የሚሆን ሁለተኛ ስም መክፈት ያስችላሉ፤ በእሱ የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል፤ የቤቱን ኮምፒውተርና የቅንብር ገጽ ግን አያገኝም። አንዳንዶቹ ለእንግዳው የፍጥነት ልክም ያስቀምጣሉ። ለተከራይ ተማሪ፣ ከኩርሙክ በኩል ጦርነት ሸሽቶ ለመጣ ዘመድ፣ ለፈተና ለሚዘጋጅ የጎረቤት ልጅ በዚህ መንገድ መስጠት ከቀድሞው የበለጠ ልግስና ነው፤ ሰጪውንም ተቀባዩንም ሳይጎዳ ይዘልቃልና።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ነካክተን ብናበላሸውስ የሚል ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ መልሱም ወሰን በማስመር ነው። ዋን የተባለው የገጹ ክፍል የውጭውን መስመር የሚመለከት ነው፤ ድርጅቱ የሰጠው የደንበኛ ስምና ፓስወርድ ብዙ ጊዜ እዚያ ይቀመጣል። እሱን አንነካም። ደብሊውላን ወይም ዋየርለስ የተባለው ክፍልና የመግቢያ ፓስወርዱ ግን የእኛ ናቸው። የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቅንብር መቀየር ሳይሆን፣ ኔትወርክ ሲጠፋ በመርፌ ሪሴት የሚለውን ቀዳዳ መጫን ነው። ያ ቀዳዳ ተጭኖ ሲያዝ የእኛን ቅንብር ብቻ ሳይሆን የመስመሩን መግቢያም ሊያጠፋ ይችላል፤ ዕቃውንም ወደ ፋብሪካው ውሳኔ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ደብተር ላይ የቀድሞውን ቅንብር መጻፍ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ መሞከር፣ ሲሠራ ቀጣዩን መቀየር ነው። ነጎድጓድ በበዛበት ክረምትም ራውተሩን ከሶኬትም ከስልክ ሽቦም መንቀል መልመድ አለብን። መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ ስንገዛም የዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብበን ይሁን።

አራተኛው ተቃውሞ ደግሞ፣ በዚህ ክልል ስንቱ ቤት ራውተር አለው ይላል። አብዛኛው ሕዝብ ኢንተርኔት የሚያገኘው በእጅ ስልክ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ስልኩ ሆትስፖት በተከፈተ ቁጥር ራውተር ይሆናል፤ አድራሻ ያድላል፤ ስም ያሰራጫል፤ ፓስወርድ ይጠይቃል። ፓኬጁ በሜጋ ባይት የሚቆጠርበት ሰው ከሁሉ በላይ ተጎጂ ነው፤ ፓስወርድ የሌለው ሆትስፖት የሳምንት ፓኬጅን በአንድ ከሰዓት ሊጨርስ ይችላል። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ሆቴሉና የወረዳው ጽሕፈት ቤት በራውተር ይሠራሉ። እዚያ የሚቀመጠው መረጃ የራሱ ስልክ እንኳ የሌለውን የገበሬውንም መረጃ ይጨምራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሏል። ስለዚህ ቁጥራችን ጥቂት ነው ማለት ጉዳዩ ጥቂቶችን ይመለከታል ማለት አይደለም።

የመጨረሻውን ተቃውሞ ልመልሰው አልነሣም፤ ልቀበለው ነው የምነሣው። የቅንብር ገጹ እንግሊዝኛ ነው። እንኳን በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦና በኮሞ ቋንቋ፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሆነው በአማርኛም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ጥፋቱን በሙሉ በቤተሰቡ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡት ቃላት ከ15 አይበልጡም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃቸዋል። በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተማሪያ ቋንቋ እስከሆኑ ድረስ፣ ይህን አንድ ገጽ በእነዚህ ቋንቋዎች ማዘጋጀት ከአቅም በላይ አይሆንም። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት ተማሪዎቹን በማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓታቸው በየቀበሌው ሊያሰማራ ይችላል። የኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ራውተር የሚያቀርቡ ድርጅቶች በአገር ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ እንዲያያይዙ ሊጠይቅ ይችላል። ራውተር የሚተክለው ባለሙያም ከመሄዱ በፊት ለአምስት ደቂቃ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ የመግቢያ ፓስወርዱን በባለቤቱ እጅ ቢያስቀይር፣ ወሰኑ ያኔውኑ ይሰመራል። እስከዚያ ድረስ ግን የቋንቋው ግድግዳ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችለው ልጅ ያንብብ፣ አባትና እናት ይወስኑ።

እንግዲህ ነገሬን ወደ ጀመርኩበት ልመልሰው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን ዕቃ ከብፌው አውጡትና ገልብጡት። ጀርባው ላይ አድራሻ፣ ስምና ፓስወርድ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። አድራሻውን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ በዚያው ስምና ፓስወርድ ለመግባት ሞክሩ። በሩ ካልተከፈተ አንድ ሰው በቤታችሁ ላይ ወስኗል ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ እናንተ ካልሆናችሁ ቁልፉን ተረከቡ። ከተከፈተ ደግሞ እስከ ዛሬ ቤቱን ሲመራ የኖረው ያ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ከነገ ጀምሮ የሚመራው ማን እንደሚሆን ግን በእናንተ እጅ ነው።